ፓፍ ለሕፃን በስፔሰር እንዴት ይሰጣል?

ባሕር ዳር ውስጥ በምሠራበት ፋርማሲ የሳልቡታሞል ፓፍ፣ ማለትም ተጭነው በትንፋሽ የሚስቡት የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት፣ ለሕፃን ታዝዞላቸው የሚመጡ እናቶችና አባቶች፣ ሳጥኑን ከፍተው ዕቃውን እንዳዩ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ እኮ የትልቅ ሰው ነው፤ የአራት ወር ልጅ እንዴት አድርጎ ይስበዋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሕፃን «ሳብ፣ ያዝ» ቢሉት አይገባውም። መድኃኒቱ ለትልቅም ለትንሽም ያው ሲሆን ልዩነቱ ያለው በፓፉና በሕፃኑ ፊት መካከል በሚገባው ስፔሰር በሚባለው ባዶ ዕቃና በማስኩ ላይ ነው። ከኋላ ወረፋ እየጠበቀ በመስኮት በኩል የሚነገር ማብራሪያ ቤት እስኪደረስ ስለሚረሳ፣ አሠራሩን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው ሐኪም መርምሮ ፓፍ ላዘዘለት፣ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ በተለይም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ነው። ስንት ፓፍ (ስንት ጊዜ መጫን)፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚለውን የሚወስነው ግን የሐኪሙ ማዘዣ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባ ማስጠንቀቂያ

ሕፃኑ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ፣ ሲተነፍስ የሚያቃስት ከሆነ ወይም አየር ሲያስገባ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ፓፍ እየሰጡ ለውጥ መጠበቅ አይገባም። እንዲህ ያለ ሕፃን ኦክስጅን ሊያስፈልገው ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሐኪሙ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ያዘዘው ፓፍ ካለ ተሽከርካሪ እስኪመጣና በመንገድ ላይ ሊሰጡት ይችላሉ፤ እሱን ለመስጠት ሲባል ግን ጉዞው መዘግየት የለበትም።

ትንፋሽ መቁጠርንም ይልመዱ። ሕፃኑ በተረጋጋበትና በማይጠባበት ሰዓት ልብሱን ከደረቱ ከፍ አድርገው፣ በስልክዎ ሰዓት ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል፣ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ከ2 ወር በታች ላለ ጨቅላ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ልጁ መታየት አለበት።

የጎረቤትን ፓፍ ተውሶ መስጠት በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃናትን ሲር ሲር የሚያሰኛቸው ብዙ ጊዜ ብሮንኪዮላይቲስ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ የትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ሕመም ሲሆን፣ ሳልቡታሞል በዚህ ሕመም ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም። የሳንባ ምች ከሆነም መድኃኒቱ ሌላ ነው። ሐኪሙ ልጁን አይቶ «ፓፍ አያስፈልገውም» ቢልዎት ሕክምና እንደተነፈገዎት አይቁጠሩት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የታዘዘው ፓፍ፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ያላለፈ።
- ስፔሰር፤ ለሕፃናት የሚዘጋጀው አነስ ያለ ሲሆን በአንድ ጫፉ ፓፉ የሚገባበት ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለው።
- በሕፃኑ ፊት ልክ የሆነ ለስላሳ ማስክ።
- ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ወይም ሰዓት።
- ነጠላ ወይም ስስ ፎጣ፣ እንዲሁም ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።

ማስኩ ዋናው ነገር ነው። ከመግዛትዎ በፊት፣ ሕፃኑ አብሮ ካለ፣ ፊቱ ላይ ያስለኩት። ከአፍንጫው አናት ጀምሮ አፍንጫውንና አፉን ሸፍኖ አገጩ ላይ ማለቅ አለበት። ዓይኑን የሚነካ ወይም ከአገጩ በታች የሚንጠለጠል ከሆነ ትልቅ ነው፤ በጎኑ አየር ያሾልካል። «ሲያድግ ይደርስበታል» ተብሎ ሰፊ የሚገዛው ጫማ እንጂ ማስክ አይደለም።

ስፔሰር ካልተገኘ ከሃይላንድ መሥራት

ስፔሰር ሁልጊዜ ገበያ ላይ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ሊከብድ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከግማሽ ሊትር የውሃ ሃይላንድ የሚሠራው ያገለግላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያዎችም ይህንኑ ይፈቅዳሉ። ውሃ የነበረበትን ሃይላንድ ይምረጡ፤ ዘይት፣ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የተያዘበት በፍጹም አይሆንም።

1. ሃይላንዱን በሳሙና አጥበው ያድርቁ።
2. የፓፉን የአፍ መግቢያ በሃይላንዱ መቀመጫ ላይ አስደግፈው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ይሳሉ። መቀመጫው ጠንካራና ወጣ ገባ ስለሆነ በስለት ሲቆርጡ ቀስ ይበሉ፤ ከሳሉት መስመር ትንሽ ጠበብ አድርገው ይጀምሩና እየለኩ ያስፉት። ቀዳዳው ፓፉን ጥብቅ አድርጎ ካልያዘ መድኃኒቱ በዙሪያው ወደ ኋላ ይወጣል። ክፍተት ከቀረ በፕላስተር ይድፈኑት።
3. የሃይላንዱን የላይኛውን ሩብ፣ ማለትም የአንገቱን በኩል፣ ቆርጠው ይጣሉ። የሚያገለግለው የታችኛው ሦስት አራተኛ ነው።
4. በተቆረጠው ሰፊ አፍ ጠርዝ ላይ ለአፍንጫው የሚሆን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ያውጡ። ያለዚህ ጠርዙ አፍንጫው ላይ ተደግፎ በጉንጮቹ በኩል ክፍት ይሆናል።
5. ጠርዙን ከቤት ውጭ፣ ከሕፃኑ ርቀው፣ በሻማ ወይም በላይተር ነበልባል ላይ እያዞሩ ለጥቂት ጊዜ ያሳዩትና እንዲለሰልስ ያድርጉ። ሲቀዘቅዝ በራስዎ ጉንጭ ላይ ጫን አድርገው ይሞክሩት፤ የእርስዎን ጉንጭ ከቧጠጠ የሕፃኑን ይቆርጣል። የተቃጠለ የፕላስቲክ ሽታ እስኪጠፋ እንደገና ይጠቡት።

በጣም ትንሽ ለሆነ ጨቅላ ከሃይላንዱ ይልቅ መቀመጫው ላይ ተመሳሳይ ቀዳዳ የተበጀለት ለስላሳ የፕላስቲክ ኩባያ ፊቱ ላይ ይሻላል። የፎም ኩባያ ግን አይሠራም።

አሰጣጡ

1. እጅዎን ይታጠቡና የመድኃኒቱን ስም ከማዘዣው ጋር ያመሳክሩ። ፈጥኖ የሚያስተነፍሰው ሳልቡታሞል አብዛኛውን ጊዜ በሰማያዊ፣ ለመከላከያ የሚሰጠው ቤክሎሜታዞን ደግሞ በቡናማ ዕቃ ይመጣል፤ ነገር ግን ቀለሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ስሙን እንጂ ቀለሙን አይመኑ።

2. ጊዜውን ይምረጡ። ሕፃኑ ተርቦ ከሆነ ያለቅሳል፤ ጠግቦ ወዲያው ከሆነ ሊያስመልስ ይችላል። ከሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ጭስ የሌለበት ክፍልም ይሁን። ከሰል እየነደደ ወይም ዕጣን እየጨሰ ባለበት ቤት መድኃኒቱን መስጠት፣ መድኃኒቱ የሚከፍተውን የአየር ቧንቧ በዚያው ሰዓት መልሶ ማስቆጣት ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ ለሕፃኑ ይጠቅመዋል።

3. ሕፃኑን ጭንዎ ላይ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ ጀርባው ደረትዎ ላይ ይደገፍ፣ ራሱም ወደ ጎን እንዳይዞር በአንድ ክንድዎ ይያዝ። እጁን የሚያወራጭ ከሆነ በነጠላ ላላ አድርገው ይጠቅልሉት፤ ደረቱ ላይ ግን አያጥብቁ። አግድም በተኛ ሕፃን ፓፉን ቀጥ አድርጎ መያዝም ማስኩን ማስገጠምም ያስቸግራል።

4. የፓፉን ክዳን ያንሡና ውስጡን ይመልከቱ። ቦርሳ ውስጥ ሲንከላወስ የቆየ ፓፍ አፉ ውስጥ ሳንቲም፣ የክር ቁራጭ ወይም ትንሽ ነፍሳት ሊገኝ ይችላል፤ ሲጫኑት በቀጥታ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል።

5. ፓፉን ከ5 እስከ 10 ጊዜ በኃይል ይነቅንቁት። በቆርቆሮው ውስጥ መድኃኒቱና የሚገፋው ፈሳሽ ተለያይተው ስለሚቀመጡ፣ ሳይነቀነቅ የተጫነ ፓፍ አንዴ ብዙ አንዴ ጥቂት መድኃኒት ይሰጣል። ፓፉ አዲስ ከሆነ ወይም ለቀናት ካልተነካ በመጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ወደ አየር ይልቀቁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይናገራል።

6. ስፔሰሩ አዲስ ከሆነ፣ የሃይላንዱም ቢሆን፣ ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት 4 ወይም 5 ፓፍ ባዶውን ይልቀቁበት። አዲስ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ስቦ ያስቀራል፤ እነዚህ ፓፎች ግድግዳውን ስለሚሸፍኑት ቀጥሎ የሚለቀቀው አየሩ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል። የባከነ ቢመስልም የባከነ አይደለም።

7. ፓፉን ቆርቆሮው ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ስፔሰሩ ላይ ይግጠሙት።

8. ማስኩን ፊቱ ላይ ያስቀምጡ፤ ፓፉን ገና አይጫኑ። አፍንጫውንና አፉን አንድ ላይ ይሸፍን። ሕፃናት በዋናነት የሚተነፍሱት በአፍንጫቸው ስለሆነ አፉን ብቻ መሸፈን ትርጉም የለውም። ዙሪያውን በዓይንዎ ይዙሩት፤ በተለይ በአፍንጫው ግራና ቀኝና በአገጩ ሥር። የማስኩ ጠርዝ ከፊቱ በጣት ውፍረት ያህል ቢርቅ እንኳ ሳንባ የሚደርሰው መድኃኒት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሕፃኑ አየሩን የሚስበው ከስፔሰሩ ሳይሆን ከቀለለው ቦታ፣ ከክፍተቱ ነውና።

9. ተረጋግቶ ሲተነፍስ ካዩ በኋላ ፓፉን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ። ማስኩን ሳያነሡ ቫልቩ ከ5 እስከ 10 ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ይቁጠሩ። ቫልቩ የማይታይ ከሆነ ደረቱን ወይም ሆዱን እያዩ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ቫልቭ በሌለው ሃይላንድ ሕፃኑ መልሶ የሚያወጣው አየር መድኃኒቱን ስለሚበትነው፣ የሚጫኑት ፊቱ ላይ በደንብ ከገጠመና መተንፈሱን ከጀመረ በኋላ ብቻ ይሁን፤ እስከ 30 ሰከንድም ያቆዩት።

10. ማስኩን አንሥተው ሕፃኑን ያሳርፉት። ሁለተኛ ፓፍ ከታዘዘ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ቆይተው ፓፉን እንደገና ነቅንቀው ከተራ ቁጥር 7 ጀምሮ ይድገሙ። ሁለት ወይም ሦስት ፓፍ በአንድ ጊዜ ስፔሰሩ ውስጥ ማጠራቀም ጊዜ የቆጠበ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የመድኃኒቱ ደቃቅ ጤዛ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ግድግዳው ላይ ስለሚቀር የሚደርሰው ያንሳል።

11. ሁለት ዓይነት ፓፍ ከታዘዘ ሳልቡታሞሉ ይቅደም፤ 5 ደቂቃ ያህል ቆይተው የመከላከያውን ይስጡ። የመጀመሪያው የአየር ቧንቧውን ስለሚከፍት ሁለተኛው ጠልቆ ይገባል።

12. ከመከላከያው፣ ማለትም ከስቴሮይድ ፓፍ በኋላ የሕፃኑን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ አፉንም ያጽዱለት ወይም ጡት ያጥቡት። አፍ ውስጥ የሚቀር ስቴሮይድ ምላስና ጉንጭ ላይ ነጭ የፈንገስ ንብርብር ያመጣል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ለማጉመጥመጫ ብለው ውሃ አይስጡ።

13. ሰዓቱንና የፓፉን ብዛት ይጻፉ። ሌሊት እናት፣ ንጋት ላይ አያት በሚሰጡበት ቤት፣ ወረቀት ከሌለ መድኃኒቱ ወይ ይደገማል ወይ ይዘለላል።

ከሳልቡታሞል በኋላ ሕፃኑ ለጥቂት ጊዜ ሊነጫነጭ፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ ወይም ልቡ ፈጠን ብሎ ሊመታ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። ካላለፈ ወይም ከታዘዘው ሰዓት አስቀድሞ ፓፉን ደግሞ የሚፈልግ ከሆነ ለሐኪሙ ያሳውቁ፤ ቶሎ ቶሎ መፈለጉ በራሱ ሕመሙ እየባሰ መሆኑን ያሳያል።

ቢያለቅስስ?

ከአሰጣጡ በኋላ ተመልሰው የሚመጡ ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ «እያለቀሰ ብሰጠው አየሩን በደንብ ይስበው የለ?» የለም። የሚያለቅስ ሕፃን ረጅሙን ጊዜ አየር የሚያወጣ ሲሆን፣ በመካከሉ በፍጥነት የሚስባት አጭር ትንፋሽ መድኃኒቱን ጉሮሮው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ከዚያ ይዋጣል፤ ሳንባ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ማቆምና ማባበል ጊዜ ማባከን አይደለም። ባልታመመበት ቀን ማስኩን ያለ መድኃኒት እንዲነካ፣ እንዲጫወትበት ይስጡት፤ በራስዎ ፊት ላይ አድርገው ያሳዩት፤ እሹሩሩ እያሉ ለጥቂት ሰከንድ ፊቱ ላይ ያስለምዱት። ተኝቶ ሳለ መሞከርም ይቻላል፤ ግን ብዙ ሕፃናት ማስኩ ሲነካቸው ስለሚነቁ ይህን ዋና ዘዴ አድርገው አይያዙት። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ሕፃኑን ያባብል፣ ሌላው ማስኩንና ፓፉን ይያዝ።

እጥበትና አቀማመጥ

ስፔሰሩን ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት፣ ከዚያም በየሳምንቱ ወይም ዕቃው ላይ በተጻፈው ጊዜ ይጠቡት። ለብ ባለ ውሃ ላይ ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገው ይንከሩት፤ በስፖንጅ አይፈትጉት። ፊት የሚነካውን ማስክ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ የስፔሰሩን ውስጥ ግን ሳያለቀልቁ አራግፈው በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። በፎጣ ማድረቅ ንጽሕና ቢመስልም ፕላስቲኩን ሲፈትጉት ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል፤ ሳይለቀለቅ የቀረው ስስ የሳሙና ሽፋን ደግሞ ይህንኑ ይከላከላል። የፓፉን የፕላስቲክ ልባስ ቆርቆሮውን አውጥተው ይጠቡት፤ ቆርቆሮው ውሃ ውስጥ አይግባ።

ቆርቆሮው በግፊት የተሞላ ስለሆነ እሳት ውስጥ አይጣል፣ አይበሳ። ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለውን ቤትና የቆመ ባጃጅን ምን ያህል እንደሚያግል ያውቁታል፤ መስኮት ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ወይም ከምድጃ አጠገብ አይተዉት።

ማለቁን ለማወቅ ነቅንቆ ድምፁን ማዳመጥ ወይም ውሃ ላይ ማንሳፈፍ አያስተማምንም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ፈሳሽ ስለሚቀር «ፍስስ» ማለቱን አያቆምም። ቆጣሪ ካለው ቆጣሪውን ይመልከቱ። ከሌለው በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይውሰዱ፤ የሳልቡታሞል ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ነው። በቀን 4 ጊዜ ሁለት ሁለት ፓፍ የሚሰጡ ከሆነ በቀን 8 ይሆናል፤ በ25 ቀን ያልቃል። የሚያልቅበትን ቀን ሳጥኑ ላይ ይጻፉ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ከላይ ካነሣኋቸው ሌላ፣ ፓፉን ያለ ስፔሰር ወደ ሕፃኑ አፍ መርጨት ቀዳሚው ነው፤ መድኃኒቱ ምላሱና ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ይዋጣል፣ ቅዝቃዜውም ሕፃኑን ያስደነግጠዋል። ሌላው ማስኩን ከፊቱ ራቅ አድርጎ «እንዳይከፋው» በሚል ማናፈስ ነው። ተጭኖ ወዲያው ማንሣትም አለ፤ መድኃኒቱ ስፔሰሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። የመከላከያው ፓፍ ልጁ ሲሻለው መቆሙም የተለመደ ነው፤ የሚሠራው ግን በየቀኑ ሲሰጥ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥ። በፓፉ ፈንታ የባሕር ዛፍ እንፋሎት ማጠን ወይም አፍንጫ ውስጥ ቅቤ መጨመር አደጋ አለው፤ የፈላው ውሃ ያቃጥላል፣ ቅቤውም ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል።

ኔቡላይዘር ይሻላል?

ከቀላል እስከ መካከለኛ ለሆነ ሕመም በትክክል የተሰጠ ፓፍና ስፔሰር ፈሳሽ መድኃኒትን በመብራት ኃይል ወደ ጤዛ ከሚቀይረው መሣሪያ፣ ከኔቡላይዘር፣ አያንስም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ቤት ውስጥ ኔቡላይዘር ከታዘዘ የማስኩ ደንብ ያው ነው፤ ፊቱ ላይ ይግጠም። ጤዛው እስኪያልቅ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ አይጨመርበትም፤ ማቅጠኛው ለዚሁ የተዘጋጀው፣ ሳላይን የሚባለው ንጹሕ የጨው ውሃ ብቻ ነው።

ከሐይቁ ማዶ ለምትኖሩ

ደቅ ደሴት ወይም ዘጌ ሆነው ሕፃንዎ ተደጋግሞ የሚያፍነው ከሆነ፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለቀጠሮ በመጡበት ቀን ሐኪሙ «ሲብሰው በመንገድ ላይ ስንት ፓፍ፣ በየስንት ደቂቃው» የሚለውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ከሳልቡታሞል በኋላ ሳይሻለው ከቀረ ወይም ተሽሎት ቶሎ ከተመለሰበት እስኪመሽ አይጠብቁ፤ በጨለማና ማዕበል በተነሣበት ሰዓት ጀልባ ማግኘት ይከብዳል፣ የታመመ ሕፃን ደግሞ ሌሊቱን ሊብስበት ይችላል። ፓፉን፣ ስፔሰሩንና የጻፉትን ወረቀት በእጅ ቦርሳ ይያዙ እንጂ ከጭነቱ ጋር አያስቀምጡ።